በባሏ ስም የተበላ ምሳ

ዶሮ ከነቆዳዋ ትበላለች ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። በዚያ ሰኔ ግን ለመሳቅ አቅሙም አልነበረኝም። ባሌ ከሶዶ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ከሶዶ ዳር ኦቶና፣ አሜሪካኖቹ ሚሲዮኖች ግቢ፣ ለአንዲት ሴትዮ ምግብ እየሠራሁ እኖር ነበር። ጦሩ ተፈቷል፤ ንጉሡ ባሕር ተሻግረዋል፤ ጣልያን አዲስ አበባ ገብቷል። የዘመተው ሰው አንድ ሁለት እያለ በእግሩ ይመለሳል። የእኔን ሰው ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከኋላ እየመጣ ነው።» ከኋላ ከኋላ ሲሉኝ የበልጉ በቆሎ ለእሸት ደረሰ። ተስፋዬ አልቆ ነበር፤ ግን ሙት አላልኩትም።

ሴትዮዬም ከእኔ አትሻልም። ባሏ መድኃኒትና ስኳር ሊያመጣ አዲስ አበባ እንደሄደ መንገዱ ተዘግቶ ወሬው ጠፋ። ሲሄድ «ለአገራችን በዓል እደርሳለሁ» ብሏት ነበርና ቀኑ ሲቃረብ ወጥ ቤቱን ቀውጢ አደረገችው። አገራቸው ነጻ የወጣችበት በዓል ነው አሉ። እኔ እንደገባኝ ግን ምግቡ በወጉ ከተሠራ ባሌ ይመጣል ብላ ነው የያዘችው። ማን ይፈርድባታል? እኔም የእሷ ከመጣ የእኔም ይመጣል ብዬ በሆዴ ይዤ ነበር።

ስለዚህ ታጥቄ ሠራሁ። የመጀመሪያዋን ዶሮ እንደለመድኩት ቆዳዋን ገፍፌ፣ በሎሚ አጥቤ፣ አሥራ ሁለት ብልት አወጣኋት። ሴትዮዬ ስታያት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለካ ዋናው ቆዳው ነው! ዱቄት አልብሰው በስብ ይጠብሱታል። ድንቹ ደግሞ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ከእንቁላልና ከሆምጣጤ ጋር ይለወሳል። ፖም የሚሉት ፍሬ በአገሩ ስለሌለ ዱባ በማር ቀቅለን፣ በሊጥ ሸፍነን ጋገርን። ጠዋት በረዶ ሲጥል ጊዜ እልል ማለት ነው የቀራት። በባልዲ ዝቀን፣ ያንን ውድ ጨው ነስንሰንበት፣ ወተትና ማር በጣሳ አድርገን በረዶው መሃል እያሽከረከርን ወተቱን እንደ ቅቤ አረጋነው። እኔ የሰኔ ጾም ላይ ስለሆንኩ አንዱንም አልቀመስኩም፤ ጨው ቢበዛም ቢያንስም እሷ ትወቅ።

የግቢው ፈረንጆች በልተው፣ ዘምረው ሄዱ። የባሏ ሳህን እንደሞላ ቀረ። መስኮቱ ሥር ተተክላ መንገዱን ስታይ ዋለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተነሳችና የተረፈውን ሁሉ በትሪ ይዛ ወደ ግቢው በር ወጣች። በሩ ላይ ከቤሌ፣ ከቦምቤ ሳይቀር የመጣ ችግረኛና ቁስለኛ አይጠፋም። «በባሌ ስም ብሉ» እያለች በእጇ አደለቻቸው። በአገሯ ደግ ንግግር ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን በአንድ ሰው ስም ደጅ ላይ ለድሃ የሚሰጥ ምግብ የሙት ተዝካር ነው። እኔ ወጥ ቤት መጥበሻ እየፈገፈግሁ ስለነበር ያለችውን አልሰማሁም።

ወሬ ሶዶ ላይ እግር አያሻውም። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ለቅሶውን ስሰማ መጥበሻውን ጥዬ ወጣሁ። የሞተው የእኔ ነው አልኩ። እንደምንም በሩ ላይ ስደርስ ሴትዮዬ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም የእኔ ነው ብላለች። «የት ሞተ? ማን አየው?» ትላለች።

ወላይታው ዘበኛ ክንዴን ያዘኝ። «እኔ ምንም አላልኩም! ሴትዮዋ ራሱ ነው ‹በባሌ ስም ብሉ› ያለው» አለኝ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። «ኧረ ሰዎች፣ የሞተ የለም! ለበዓል የሠራችውን ነው ያበላችው!» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ አፍረው እንባቸውን ጠረጉ። አንዲት የሰፈሬ ባልቴት ግን ለቅሶው ጭራሽ ባሰባቸው።

«እማማ፣ ይብቃዎት እንጂ፤ የሴትዮዋ ባል አልሞተም እኮ» አልኳቸው።

«እኔ መች ለእሷ አለቀስኩ፣ ልጄ» አሉ። «ለአንቺ ነው እንጂ። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ጾሙ እስኪፈታ እናቆየው ብለው አንጀቴን አሳረሩት።» ይህን ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ዞር ብዬ የሌሎቹን ዓይን ፈለግሁ፤ አንዷም ቀና አላለችም። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሴትዮዬ ይሄን አልሰማችም። እሷ የሰማችው የእሷ ሰው አለመሞቱን ነው። ከጭቃው ተነስታ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አልሞተም! አልሞተም!» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

«በይ እንጂ፣ ተመስገን በይ!» አለችኝ።

«ተመስገን» አልኩ።