ለጅብ የሚበቃ ጥይት

ማክሰኞ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ

ከአዳማ የተነሳሁት አባቴ ጠመንጃ እንድመርጥላቸው ስለጠሩኝ ነው። ሌላ ምክንያት ቢሆን ኖሮ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለገና እመጣለሁ ብዬ አስተላልፈው ነበር። በስልክ ያሉኝ ይህን ነው፦ «የሃያ ሁለቷ ጥይት አነሰብኝ። ጅቡን እመታዋለሁ፣ ግን አይወድቅም። አንተ መሣሪያ ታውቃለህ፤ ናና ምረጥልኝ።»

መሣሪያስ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት የወታደርነት ዘመኔን የጨረስኩት ግምጃ ቤት ውስጥ ጥይት በየዓይነቱ ስለይና ስቆጥር ነው። ዛሬ የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ብሆንም የመንደሬ ሰው አሁንም «አስር አለቃ» ነው የሚለኝ። «ሃያ ሁለቷ» የምትባለው ደግሞ አባቴ በወጣትነታቸው ለእርሻ ሥራ ከመጣ ፈረንጅ የገዟት ቀጭን ጠመንጃ ናት። የተሠራችው እንደ ጃርትና ቀበሮ ላሉ ትንንሽ አውሬዎች ነው። ድንቻችንን ከጃርት፣ ግልገሎቻችንን ከቀበሮ ያተረፈችው እሷ ናት። ለጅብ ግን በእርግጥም ታንሳለች፤ ስለዚህ የአባቴን ቃል አልተጠራጠርኩም።

ፈቃዳቸው ለአንድ መሣሪያ ብቻ በመሆኑ ትልቅ ሲገባ ትንሿ ለወረዳ መመለስ አለባት። ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሻጮች ተገኝተዋል፤ አንዱ አሰላ፣ አንዱ በቆጂ። ሁለቱንም በመንገዴ አይቼ አባቴ ዘንድ መድረስ ነው ሥራዬ።

ሚኒባሱ የሞላው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ረዳቱ ታሪፉ ላይ ሃምሳ ብር ጨመረ። አንዲት ሴትዮ ተከራከሩት፣ ሌሎቻችን ዝም ብለን ከፈልን። ከመልካሳ በኋላ ሙቀቱ እየለቀቀን ሄደ፤ ኢተያ ስንደርስ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ኅዳር ነውና ስንዴው ግማሹ ታጭዷል፤ ኮምባይነሮቹ ከማሳ ማሳ ይዞራሉ። አጠገቤ የተቀመጠው የሲሬ መምህር ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ጠመንጃ ልመርጥ» ስለው ስልኩን አውጥቶ እስከ አሰላ ድረስ ቀና አላለም።

አሰላ ላይ ሻጯ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤልጅጉን፣ ያን ረጅሙን የድሮ ጠመንጃ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡልኝ። ማንገቻው አዲስ ነው፣ አፈሙዙ ውስጥ ዝገት የለም፣ መቀርቀሪያው ሲሳብ አይንገጫገጭም። ግምጃ ቤት ሳለሁ እንዲህ የተያዘ አሮጌ መሣሪያ ብዙ አላየሁም።

«ጥይትስ አለው፣ እማማ?»

«የለውም። ባሌም በመጨረሻ ዘመኑ ያልጠየቀበት የለም፣ አላገኘም። ከገበያ ጠፍቷል አሉ። ልዋሽህ አልችልም፣ ልጄ።»

አመስግኜ ወጣሁ። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው፤ ዱላ ደግሞ አባቴ አላቸው ብዬ በልቤ ቀለድኩ።

ረቡዕ፣ በቆጂና ከበቆጂ በላይ

ከአሰላ በሳጉሬ አድርጌ በቆጂ ስገባ ጠዋቱ ገና ውርጩን አልለቀቀም ነበር። ገብስ ነጋዴው ከድር ኤስኬኤስ የሚባለውን ጠመንጃ መጋዘኑ ውስጥ አሳየኝ። ጥይቱ የክላሹ ነው፤ ፈቃድ ላለው ሰው በየትኛውም ከተማ አይቸግርም።

«ጅብን ብቻ እንዳይመስልህ» አለኝ ከድር በርሜሉን እየደባበሰ። «ጅቡን በስቶ፣ አጥሩን በስቶ፣ የጭቃ ግድግዳም ቢያገኝ በስቶ ነው የሚሄደው።»

ወደድኩት። ዓርብ ከአባቴ ጋር እንደምመለስ ነግሬው ጨበጥኩት። ከዚያ በጋሪ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ተጓዝኩ፤ ባለጋሪው ፈረሱ እንዲያርፍ ሁለት ጊዜ አስወርዶ በእግሬ አስኬደኝ።

አባቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስጠጋ ዝም ብለው አዩኝ፤ «አባባ» ስላቸው ነው ፊታቸው የፈካው። የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ፣ እርጎም ቀዱልኝ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እርጅና ነው ብዬ በእጅጌዬ ጠረግኩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ መንደሩ ግን አልረሳቸውም። ጅብ የታየ ዕለት ሰው ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። የጎረቤታችን የኦቦ ሁሴን በጎች እንኳ የሚያድሩት በእኛ ጉረኖ ነው፣ አባቴ ይጠብቋቸዋል ተብሎ። ይህን ሲያወሩልኝ ድምፃቸው ይወፍራል።

ፀሐይ እንደጠለቀች ድንቹ ማሳ ዳር ይዘውኝ ወጡ። ድንገት ክንዴን ያዙኝ።

«አየኸው? አጥሩ ሥር።»

ያየሁት ጥቁር ነገር ነው። አነጣጠሩ፣ ተኮሱ። ሃያ ሁለቷ ቀጭን ድምፅ አሰማች፤ ጥቁሩ ነገር አልተነቃነቀም።

«መትቼዋለሁ» አሉ። «ግን ይኸው፣ ጥይቷ ትንሽ ናት።»

ሐሙስ

ሲነጋ አጥሩ ሥር ሄድኩ። የድንች ማዳበሪያ ነው፣ ማለቴ ባዶ ጆንያ፤ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ የተረሳ። ገልብጬ አየሁት፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። አጣጥፌ ብብቴ ሥር ከተትኩት። ለምን እንደደበቅኩት ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም።

ኦቦ ሁሴን ከማዶ አይተውኛል። «አካም ቡልቴ፣ አስር አለቃ» ብለው በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ ሰላም አልኳቸው። ሳይቀመጡ፣ ሳያስቀምጡኝ የቤታቸውን በር ገፋ አድርገው ዘጉና በእንጨቱ ላይ አንድ ጭቃ የተመረገበት ቦታ አሳዩኝ።

«ነሐሴ ላይ ነው» አሉ። «ጥይቷ እንጨቱ ውስጥ ናት፣ አልወጣችም። ከበሩ ወዲያ የልጄ ሚስት ከሕፃኗ ጋር ትተኛለች።»

«ለአባባ ነግረዋቸዋል?»

«ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው። ዓይንህ ጠፍቷል ልበለው? ጭቃ መረግኩበትና ተውኩት። አሁን ግን ትልቁን ልትገዛለት ነው ይላሉ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ልጁ ነህ። አንተ ንገረው።»

እሺ አልኳቸው። ጭቃውን በጣቴ ነካሁት፣ ደርቋል። የከድር ወሬ ትዝ አለኝ፣ አጥሩንና ግድግዳውን የሚበሳው።

ከዚያ እስከ ቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች መንገድ ላይ «አባባ፣ ዓይንዎ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሞከርኩት። ቤት ስደርስ አባቴ ሃያ ሁለቷን በጨርቅ እየወለወሉ ነው። «እህስ፣ የቱ ይሻላል አልክ?» አሉኝ። የትምህርት ቤት ውጤቴን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ፈራሁ። በጦር ግንባር ያልፈራሁ ሰው አይደለሁም፣ እንዲህ ግን ፈርቼ አላውቅም።

«የበቆጂው ይቅር» አልኩ። «ጥይቱ አጭር ነው፣ ለቅርብ ነው የሚሆነው። ለጅብ የቤልጅግን የሚያህል የለም። ጥይቱ ረጅምና ከባድ ነው፣ ሩቅ ይሄዳል፣ የመታውን ይጥላል።»

«ጥይቱስ ይገኛል?»

«እሱ በእኔ ይሁን።»

ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰቷ የመጨረሻዋ ብቻ ነበረች። ስምንት ዓመት ያጠራቀምኩት ዕውቀት ለዚህ ጠቀመኝ። አባቴ አንዴም አልተከራከሩኝም፤ በማግስቱ ማለዳ ጊደራቸውን ሸጡ።

ዓርብ፣ አሰላ

በቆጂ ላይ የከድርን ስልክ አላነሳሁም። አሰላ ከመናኸሪያው ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት በባጃጅ ስንሄድ ትልቅ ዓይን የተሳለበት የክሊኒክ ማስታወቂያ አለፍን። እኔ አነበብኩት። አባቴ ወደዚያው ዞረው ነበር፣ ምንም አላሉም። ሰዓቴን አየሁ፤ የወረዳው ጉዳይ ከምሳ በፊት ካላለቀ ሰኞ ሊሆን ነው። ቅዳሜ ሱቅ እገባለሁ። ባጃጁን አላስቆምኩትም።

ወይዘሮ አስካለ ቤልጅጉን ሲያስረክቡ ወደ አባቴ ዞሩ። «ልጅዎ የጥይቱን ነገር ነግሮዎታል?»

«የጥይቱ ነገር በልጄ ነው» አሉ አባቴ። ኮራ ብለው ነበር። ሴትዮዋ እኔን አዩኝ፤ እኔ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመርኩ።

ከወረዳ ጸሐፊው ፊት አባቴ ሃያ ሁለቷን አንዴ በእጃቸው ደብሰው አስረከቡ። መናኸሪያ ላይ ስንለያይ መረቁኝ፤ እግዚአብሔር ዕውቀትህን ይባርክልህ አሉኝ።

አዳማ

አዳማ የገባሁት በምሽት ነው። ሙቀቱ ደስ አለኝ። ያን ሰሞን ጉዞው ምን አስተማረህ ቢሉኝ ኖሮ ብልህነቴን እጽፍ ነበር፤ ጎረቤት ተረፈ፣ አባት አልተዋረደም፣ ሰው ሁሉ በሰላም አደረ ብዬ።

አባቴ በየሳምንቱ እሁድ ከጸሎት ሲወጡ ይደውሉ ነበር። «ጥይቱስ?» ይላሉ። «እየፈለግኩ ነው» እላለሁ። አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም። ጥር ላይ ጅቡ ሁለት በግ ወሰደ፤ አንዷ የኦቦ ሁሴን ነበረች። አባቴ ቤልጅጉን ጭናቸው ላይ አድርገው ጉረኖው በር ላይ ተቀምጠው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ በጎቹን በየቤቱ ማሳደር ጀመረ። ይህንንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ሳያማርሩ።

ሚያዝያ ላይ በሥራ ቀን ደወሉ። ስለ ጥይት አልጠየቁኝም።

«ከሁሴን ጋር አሰላ ወርጄ ነበር» አሉኝ። «ዓይን ሐኪም ዘንድ። የበሩን ነገር ነገረኝ። ለልጅህም አሳይቼው ነበር አለኝ።»

ደንበኛ ፊቴ ቆሞ የፍሬን ሸራ ይጠይቀኛል። በእጄ ጠብቅ አልኩት።

«የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። የግራው አልቋል። የቀኙን በጠብታ እናቆየዋለን፣ የጠፋው ግን አይመለስም አሉ። ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ብዙው ይተርፍ ነበር።»

«አባባ…»

«ሐኪሙ ማየት ያቃተዎት ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀኝ» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «እኔ ቀኑን አላውቀውም፣ ልጄ ግን ያውቃል አልኩት።»