ከአፕዴቱ ወዲህ

የወይንሐረግ መርካቶ ከምትሠራበት ጨርቅ ቤት ወጥታ ቡራዩ ስትደርስ ይመሻል። ከአስፋልቱ እስከ ቤቷ ያለው ኮረኮንች መብራት የለውም፤ ውሻው ደግሞ አያድርስ ነው። ስለዚህ ከታክሲ ልትወርድ ስትል ትደውላለች፤ ባሏ በሪሁን ዱላውን ይዞ ወጥቶ ይቀበላታል። ሰፈሩ ሁሉ የሚኖረው እንዲሁ ነው።

ስልኳ «አፕዴት አድርጊኝ» እያለ ሲነዘንዛት ከርሞ፣ አንድ ቀን የሱቁ ዋይፋይ ነጻ ነው ብላ እሺ አለችው። ምነው እጇን በቆረጠው! መልኩ አማረ፤ ማን መልክ ጠየቀው? ከዚያ ወዲህ ባትሪው ገና የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለች ጥርግ ብሎ ያልቃል። ሞባይል ሠሪው ባትሪ ቀየረላት፤ ያው ነው። የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰች፣ ዳታውን ዘጋች፣ ቴሌግራሙን አጠፋች፤ ያው ነው።

በሪሁን መጀመሪያ ሰሞን ሳይደወልለትም በግምት እየወጣ ይጠብቃት ነበር። ታክሲው ሲዘገይበት፣ ብርዱም ሲመታው፣ ከግቢው በር ማለፍ ተወ። ኋላ ጭራሽ ቀረ። እሷም ድንጋይ በእጇ ጨብጣ ብቻዋን መግባት ያዘች።

ትናንት የሥራ ባልደረባዋ ፓወር ባንክ አዋሰቻት። አስፋልቱ ጋ ስትወርድ ባትሪው ሙሉ ነበር። ድካሟን ረስታ ደወለች።

«በሪሁን፣ ደረስኩ እኮ! አስፋልቱ ላይ ነኝ።»

«እሺ፣ ነይ» አላት፤ ከኋላው ቴሌቪዥን ይጮኻል።

«አትቀበለኝም?»

«እንዴ! መንገዱን ለምደሽው የለ?»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ድንጋይ ፍለጋ ጎንበስ አለች።