አባቴ ሰላምታ ያቆመበት ዓመት

አሁንም ቢሆን ለጋ ቅቤና ቤንዚን አንድ ላይ ሲሸቱኝ የምይዘው ነገር እፈልጋለሁ። በቅርቡ ነዳጅ ማደያ ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ከፊቴ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት ቅቤ ይዛ ኖሮ፣ ሽታው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በመስኮት ሲገባ፣ እኔ ልጆች ያሳደግሁ ሴትዮ፣ እጄ ሳላዘው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጦ አገኘሁት። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ፈሪ ያደረገኝ ግን የአምቦና የጊንጪ መንገድ ነው፣ በተለይም በዚያ መንገድ ላይ የአባቴ ሰላምታ።

አባቴ ጉተማ አምቦ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ዐሥር ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ገና አምስት ሳይሞላው፣ አባቴ የሚነዳት ሸራ ለባሽ ላንድሮቨር ከእኛ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ትታጠብ ነበር። የተወለደው ጊንጪ ሳይደርሱ ባለች የገበሬ መንደር ሲሆን፣ ከዚያች መንደር ወጥቶ መሪ የጨበጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ይህ ትልቅ ክብር ነበር፣ ነገር ግን መዘዝም ነበረው። መኪና የያዘ የገበሬ ልጅ አንድ ቀን ሰላም ሳይል ካለፈ «ጉተማ ኮራ» ይባላል፣ አባቴ ደግሞ ሌባ ቢሉት ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ሁሉንም ሰው ሰላም ይል ነበር። በእኛ አገር እጅን አንሥቶ ማለፍ ሰላምታ አይባልም፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ታማ ስለነበረችው ሚስት ጠይቆ መልሱን መስማት ያስፈልጋል። አባቴ ይህን ሁሉ እየነዳ ያደርገው ነበር። ፍጥነቱን ትንሽ ይቀንስና፣ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አካም ጅርቱ ኦቦ ኩመራ! ኢጆሌን ነጋዻ?» ይላል፣ እንዴት ነዎት አቶ ኩመራ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ማለቱ ነው፤ ሰውየው መልሱን ሳይጨርስ መኪናዋ ታልፈዋለች፣ አባቴም የቀረውን ለመስማት ወደ ኋላ ይዞራል። መኪናዋ በዚህ ጊዜ ሁሉ ወደ ፊት እየሄደች ነበር።

ኦቦ ኩመራ በዕድሜ ከአባቴ ከፍ ያሉ፣ ማሳቸው ከመንገዱ ዳር የሆነ ገበሬ ነበሩ። አባቴ በወጣትነቱ ሾፌርነት ለመማር ወደ ከተማ ሲመጣ የለበሰውን ኮት የሰጡት እሳቸው ናቸው ይባላል። የእሳቸው ሰላምታ ከሁሉም ይረዝም ነበር።

ክረምት ሲሆን መንገዱ ይንሸራተታል፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ይደበዝዛል። አባቴ ለሥራ ወደ ጊንጪ ሲሄድ እኛን ጭኖ፣ እዚያ ከምትኖረው ከእናቴ እህት ቤት አራግፎን፣ ሳይመሽ ይመልሰን ነበር። እናቴ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ትሄዳለች። «ጉተማ፣ ፊት ፊትህን!» ትላለች። እሱ ይስቃል። እኔ ከኋላ ወንበር ተንጠራርቼ የመጣውን ጋሪ፣ የቆመውን አህያ፣ የሚያቋርጠውን ልጅ በእሱ ፈንታ እመለከት ነበር። አንድ ቀን ጨንቆኝ «አባዬ፣ ሰላምታውን እኔ ልበልልህ፣ አንተ ንዳ» ስለው፣ እንባው እስኪመጣ ስቆ «አፌን ለአንቺ አውርሼ እኔ ድዳ ልሁን?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለእንግዳ ሁሉ እንደ ቀልድ ያወራው ነበር፣ እኔም በንዴት እበግን ነበር።

ስለ ቀበቶውም ልናገር። ላንድሮቨሯ በሾፌሩና በወዲያኛው በር በኩል ሁለት የወንበር ቀበቶዎች ነበሯት። የአባቴ ከወንበሩ ጀርባ ተወሽቆ አቧራ ይበላል፣ «ሾፌር ታስሮ እንዴት ይነዳል?» ይል ነበር። እናቴ ደግሞ ጭራሽ ልታየውም አትፈልግም። በዚያ በክፉው በቀይ ሽብር ጊዜ ታናሽ ወንድሟን አንድ ጠዋት እጁን የፊጥኝ አስረው ክፍት መኪና ላይ ሲጭኑት አይታለች፣ እሱም እንደ ወጣ ቀርቷል። «እኔ ታስሬ መኪና ላይ አልወጣም» ትል ነበር። ታዲያ በእሷ በኩል ያለው ቀበቶ ሥራ አልፈታም፤ ከጊንጪ ስንመለስ አክስቴ የምትሰጠን የቅቤ ማሰሮ እንዳይወድቅ በበሩ በኩል ካለው ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ አባቴ በቀበቶው ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ያስረው ነበር። እናቴ መሃል ትቀመጣለች፣ ደረጀ ጭኗ ላይ። ይህ ማናችንንም አስገርሞን አያውቅም።

ኅዳር መጥቶ ጤፉ እየታጨደ ነበር። ከጊንጪ እየተመለስን ነው፣ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላለች፣ ቅቤው ከሸራው ሙቀት የተነሣ መሽተት ጀምሯል። ኦቦ ኩመራ በማሳቸው ዳር ማጭድ እንደ ያዙ ቀና ብለው «ጉተማ! ጉተማ!» ብለው ተጣሩ። አባቴ እጁን አነሣ፣ አንገቱን አወጣ። ስለ አዝመራው ጠየቀ። ኦቦ ኩመራ አንድ ነገር መለሱ፣ አልተሰማም። አባቴ ወደ ኋላ ዞረ።

ጋሪው ከእርሻ መሃል ካለው ጠባብ መንገድ ሲወጣ ያየሁት እኔ ነኝ። ጭድ ጭኗል፣ ላዩ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። «አባዬ!» ያልኩ መሰለኝ፣ ምናልባትም አላልኩም ይሆናል፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። አባቴ ፊቱን ሲመልስ ፈረሱ መስታወቱን ሞልቶት ነበር። ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው፣ መሪውን ጠመዘዘው፣ መኪናዋም በጎን ተንሸራትታ አፍንጫዋን ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተከለች። ከዚያ በኋላ ከሞተሩ ውሃ ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማ ነበር።

ጋሪው ተርፏል፣ ሰዎቹም ተርፈዋል። ደረጀ ግን ከእናቴ ጭን ላይ ተወርውሮ በፊቱ ከዳሽቦርዱ ብረት ጋር ተጋጭቷል። እናቴ ቀና አድርጋ ስትይዘው ነጠላዋ ወዲያው ደም ሆነ፤ ግንባሩ ተሰንጥቋል፣ አራት የፊት ጥርሶቹ የሉም። አላለቀሰም፣ ዝም ብሎ ያያት ነበር፣ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ያ ነው። እናቴ እሱን ይዛ ዞር ስትል ማሰሮውን አየችው። በቀበቶው እንደ ታሰረ ነው። ክዳኑ እንኳ አልተነቃነቀም። እናቴ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ቅቤውን አስረን ልጁን ፈታነው» አለች።

ኦቦ ኩመራ ከማሳው ሮጠው ሲደርሱ፣ አባቴ ገና መሪውን እንደ ጨበጠ ነበር። «ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነው» አላቸው። ለጋሪው ባለቤት እንደዚያው አለ፣ ለመሥሪያ ቤቱም እንደዚያው አለ። እናቴ አላጋለጠችውም፣ እኔም የእሷን ዝምታ አይቼ ዝም አልኩ። ደረጀ ሐኪም ቤት ስምንት ቀን ተኛ። ግንባሩ ተሰፋ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ የማይከፈትባቸው ቀኖች ነበሩ፣ ያያል ወይስ አያይም የሚለውን ማንም ሊነግረን አልደፈረም። በመጨረሻ ዓይኑ ደህና ሆነ፣ ጥርሶቹም ጊዜያቸው ሲደርስ ተተኩ፣ ጠባሳው ግን እስከ አሁን አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሰላምታ አቆመ። መኪናዋ ተጠግና ስትመለስ፣ ሁለት እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይነዳ ጀመር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። እናቴ ማሰሮውን እግሯ ሥር አድርጋ ደረጀን በማሰሮው ቦታ አስቀምጣ ቀበቶውን ታስርለታለች፤ እሷ ግን አሁንም መሃል ናት፣ አባቴም እንደ ልማዱ ቀበቶ አያስርም። ሰው ይጠራዋል፣ አይሰማም። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጊንጪ ደረሰ፤ አክስቴ «ባልሽ ምን ሆኗል? ኮራ እያሉት ነው» ብላ ለእናቴ ስትነግራት እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

በጥር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኦቦ ኩመራ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። ሰላምታ ስለ ተነፈጉ ሽማግሌ ይዘው መምጣታቸው ለሌላ አገር ሰው ያስቅ ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን ማንም አልሳቀም። እናቴ ጠላ ቀድታ እኔንና ደረጀን ወደ ጓዳ ሰደደችን። መጋረጃ ብቻ ነበር የሚለየን፣ በጠርዙ አጮልቄ አያቸው ነበር።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁት፣ ሦስት ጊዜ አለፈኝ» አሉ ኦቦ ኩመራ። «በድዬው እንደሆን በሽማግሌ ፊት ይንገረኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አባቴ ጠላውን መሬት አስቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ተናገር እንጂ ጉተማ» አሉት። እሱም ወለሉን እያየ «ምንም አልበደሉኝም» አለ።

«ታዲያ መኪናው ነው ያኮራህ?» አሉት ኦቦ ኩመራ።

ያቺ ቃል በቤታችን ውስጥ፣ በፊቱ፣ ስትነገር የአባቴ ትከሻ ወረደ። ተነሥቶ የኦቦ ኩመራን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለና «ጥፋቱ የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ድሮው ነው፣ ሰላም ሳልል አላልፍም፣ እምላለሁ» አለ።

አንዴ የማለውን እንደማያጥፍ አውቅ ነበር። የደረጀን እጅ ይዤ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ልጅ ሽማግሌ በተቀመጠበት አፉን አይከፍትም፣ ይህንንም አውቅ ነበር። «እንደ ድሮው አይሁን!» አልኩ። «ፍሬኑ ደህና ነበር። አባዬ ወደ ኋላ ዞሮ እርስዎን ሰላም ሲል ነው ጋሪው የመጣው።» የወንድሜንም ከንፈር በጣቴ ገልጬ ድዱን አሳየኋቸው።

አባቴ እጁን አነሣ። ሊመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ሳይመጣ ሲቀር ገለጥኩት፤ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ በሽማግሌ ፊት ማዋረዴም እስከ ዛሬ ያመኛል፣ ግን ጊዜው ቢመለስ ያንኑ አደርገዋለሁ።

ኦቦ ኩመራ ደረጀን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ነኩት። «የተጣራሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። ወደ እኔም ዞረው «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ደግ አደረግሽ» አሉኝ። ከዚያ አባቴን «ቁጭ በል» ብለው፣ ሽማግሌዎቹን ምስክር አድርገው ፈረዱ፤ ጉተማን መሪ ላይ እያለ ሰላም የሚል ሰው እሳቸውን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፣ ሰላምታው ከመኪና ሲወርድ ይሁን።

አባቴ በማግስቱ ጠዋት ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ ጎትቶ አወጣው። አቧራውን በጨርቅ ጠረገ፣ አሰረው፣ ፈታው፣ እንደገና አሰረው። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየው ቆየችና «እኔም መልመድ አለብኝ» አለች። በሚቀጥለው ጉዞ ወንድሜን በኋላ ወንበር ከእኔ ጋር በነጠላ አስራ፣ እሷ በበሩ በኩል ተቀመጠች፤ ቀበቶውን ስታስር ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ የምታየውን እኛም እናውቃለን። የነጠላው ነገር ብዙም እንደማያድን ዛሬ ይገባኛል፣ ያን ጊዜ ግን ያለን እሱ ነበር።

በልግ ሲገባ ኦቦ ኩመራን መንገድ ዳር አየናቸው። ላንድሮቨሯን ገና ከሩቅ ሲያዩ ጀርባቸውን አዙረው፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አድርገው፣ እስክናልፍ ድረስ ቀጥ ብለው ቆሙ። የማያውቅ ሰው ደም የተቃቡ ይመስለው ነበር። አባቴ አንገቱ ሊዞር ፈለገ፣ ጡንቻው ሲወጠር ከኋላ ይታየኝ ነበር፣ ግን አልዞረም። ከመኪና ሲወርድ ታዲያ ሁለቱ ግማሽ ሰዓት ቆመው ስለ እያንዳንዷ ጥጃ ይጠያየቁ ነበር።

አሁን ሁለቱም የሉም። አባቴ አርጅቶ አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ ለሾፌር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ ቀበቶ የማያስር ሾፌር ይቀጣል፣ የእኛም ቤት ልጆች ሳይነገራቸው ያስራሉ፤ ሰላምታው ግን ከመንገድ ዳር ወደ ኪስ፣ ወደ ስልኩ ገብቷል። ልጄ በየሳምንቱ ከጌዶ ወደ አዲስ አበባ በዚያው በአምቦና በጊንጪ መንገድ ይነዳል። መጀመሪያ መንዳት በጀመረበት ጊዜ ስደውልለት ያነሣ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ በላ አልበላ፣ ደከመው አልደከመው እጠይቀው ነበር። አንድ ቀን እያወራን የከባድ መኪና ክላክስ በጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፣ ልጄም ንግግሩን አቋረጠ። ከዚያ «ምንም አይደለም እማዬ፣ አለፈ» አለኝ። የጠራሁት እኔ ነበርኩ። ስልኩን ዘጋሁና ማታ ቤት ሲገባ «ስትነዳ እኔ ብጠራህም፣ ብታመምም፣ እንዳታነሣ» ብዬ ቃል አስገባሁት።

ቃሉን ጠብቋል። አንዳንድ ቀን ግን እኔ አልችልም፣ መንገድ ላይ መሆኑን እያወቅሁ እጄ ይደውላል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ተመስገን እላለሁ፣ ደርሶ እስኪደውልልኝም ድረስ ቁጭ አልልም።