የማክሰኞ ዝምታና የማርያም ጽዋ

ጋዜጣው ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ የገባው ሐሙስ ነው። እኔ በምኖርበት በአምስተርዳም ኒው ዌስት ሰፈር በየቤቱ በነጻ የሚታደል፣ አራት ገጽ ያለው የሰፈር ጋዜጣ ነው፤ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን፣ የሚቆረጡ ዛፎች፣ የአረጋውያን ምሳ የሚነገርበት። አብዛኛውን ጊዜ ሳላነበው የድንች ልጣጭ እጥልበታለሁ። ያን ቀንም ልጥልበት ዘርግቼው ሳለ ሦስተኛው ገጽ ላይ ራሴን አየሁ።

ፊቴ አይታይም። የሚታየው ጀርባዬ ነው፤ ነጠላዬን ደርቤ ከወገቤ ጎንበስ ብያለሁ። ከፊት ለፊቴ መደርደሪያ ላይ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ትንሽ የቡድሃ ሐውልት አለ። ፎቶው ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

እሑድ የማርያም ማህበራችን ነበር። በዚያ እሑድ ጽዋውን የምረከበው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ማህበሩን የጀመርነው ከብዙ ዓመት በፊት፣ አብዛኞቻችን ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ሥራ ላይ ሳለን ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። አንዱን ወር አምስተርዳም፣ አንዱን ሮተርዳም፣ አንዱን ዴን ሃግ እንውላለን። እዚህ አገር ሰው ሲሞት የሚሰበሰብ ዘመድ ስለሌለን፣ ባለቤቴን የቀበረልኝ ማህበሩ ነው። እኔንም የሚቀብረኝ እሱ ነው ብዬ ነው የምኖረው።

ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ልቤ ያለ ምክንያት መሮጥ ጀመረ። ትራም ውስጥ፣ ሱቅ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ጊዜም ቅዳሴ መሀል። እጄ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ያለቀልኝ ይመስለኛል። የቤተሰብ ሐኪሜ ልቤን አስመረመረችኝ፤ ደህና ነው ተባለ። ደህና ከሆነ ለምን እንደሚሮጥ የነገረኝ የለም። ባቡር መሳፈር ተውኩ። ከማህበሩም ሦስት ወር ተከታትዬ ቀረሁ። "አሞኛል" ነበር የምለው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ሐኪሟ ቡርትሃውስ ወደሚሉት የሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት ላከችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ተሰብስበው ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ይጠቅምሻል አለችኝ። ለልጄ ስልክ ደወልኩ።

"የቡድሃ ሃይማኖት ነው አይደል?" አልኳት።

"ማሚ፣ ትንፋሽሽን ነው የምታዪው። በቃ። ቢሮአችን ውስጥ ሁሉም ያደርጉታል።"

"ትንፋሽ ምኑ ይታያል?"

"ሂጂና እዪው እንግዲህ" አለችኝ። እዚህ ያደገች ልጅ ስለሆነች እናቷንም አንቺ ነው የምትለው።

ሄድኩ። ስምንት ነበርን። የሚመሩን ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሆላንዳዊት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ታይላንድ ገዳም ኖረዋል። ሁላችንም ወንበር ላይ ስንሆን እሳቸው ከሐውልቱ በታች ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ትንሽ ደወል ይመታሉ፤ ድምፁ እስኪጠፋ እንሰማለን፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ዝምታ ነው። ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት፣ አትከተሉትም፤ ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ ይላሉ። አንድ የሱሪናም ሰው አለ፤ ደወሉ እንደተመታ እንቅልፍ ይወስደውና ያንኮራፋል። "እሱ ከሁላችንም ቀድሞ ደረሰ" ይላሉ አስተማሪያችን።

በመጀመሪያው ቀን ሐውልቱን ላለማየት ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ማንም ምንም አላለኝም። እጄን ኪሴ ከትቼ መቁጠሪያዬን ያዝኩና በልቤ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያልኩ ግማሹን ሰዓት ጨረስኩ። ተጠርጎ ባዶ የቀረ ቤት ርኩስ መንፈስ እንደሚገባበት ወንጌል ነግሮኛል። ቤቴን ባዶ ልተው አልፈለግሁም።

ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት እንዲህ ተቀመጥኩ። አንድ ማክሰኞ ደወሉ ለመጨረሻ ሲመታ ጣቶቼ መቁጠሪያው ላይ እንደቆሙ አወቅሁ። መቼ እንደቆሙ አላውቅም። ምንም ሳልል ተቀምጬ ነበር፤ ትንፋሼ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነበር የማየው። ደነገጥኩ። ቤቴ ገብቼ ሙሉውን ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ተመልሼ ሄድኩ፤ መቁጠሪያው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልቆጠርኩበትም። በዚያው ወር ብቻዬን ትራም ተሳፈርኩ። በሚቀጥለው ወር ባቡር።

ሲጨርሱ እጃቸውን አጋጥመው እርስ በርስ ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ። የእነሱ ሰላምታ ነው። እኔ ግን በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰው አገጬን ብቻ ዝቅ አድርጌ መሳለም አልሆነልኝም። አስተማሪያችን ፊት ስደርስ እናቴ እንዳስተማረችኝ ከወገቤ እጎነበሳለሁ። አንድ ማክሰኞ የቡርትሃውሱ ሠራተኛ ለጋዜጣው ፎቶ ሊያነሳ መጥቶ ነበር። ፊቱ እንዲታይ የማይፈልግ ካለ ይናገር አለ። ፊቴን እንዳታነሳ አልኩት። ቃሉን ጠብቋል። ከኋላዬ ቆሞ ነው ያነሳው፤ በርጩማዋ ላይ የነበሩትን አሮጊት በጀርባዬ ከልያቸዋለሁ። የቀረው እኔና ሐውልቱ ነን።

ዓርብና ቅዳሜ ስልክ ይደወላል ብዬ ጠበቅሁ። አልተደወለም። ከማህበሩ አንዷ ከእኔ ሁለት ሕንጻ አልፋ ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ወደ ማህበሩ ከገባች ገና ዓመቷ ነው። ጋዜጣው እሷም ቤት ይገባል። በተለመደው ጊዜ ቅዳሜ ማታ ደውላ "እትዬ፣ በየትኛው ባቡር እንሂድ?" ትለኛለች። ያን ቅዳሜ ዝም አለች።

እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። የወሩ አስተናጋጅ ዴን ሃግ ዳር ስኬቨኒንገን፣ ወደቡ አጠገብ ነው ቤቷ፤ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ።

"እትዬ! ብቻዎን መጡ?"

"ብቻዬን።"

"በባቡር?"

"በባቡር፣ ከዚያ በትራም።"

"ጎሽ! ባለፈው ክረምት ከሰፈሬ አልወጣም ሲሉ አልነበር?" አለችና ካፖርቴን ተቀበለችኝ። ስለ ፎቶው አታውቅም ነበር። ሳሎን ስገባ ግን ጨዋታው ተቋረጠ፤ የሚያውቁ እንዳሉ ገባኝ።

ጸሎት ተደረገ፤ ተበላ። የንስሐ አባቴ ከሮተርዳም መጥተው ነበር። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ እኔ አባቴ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እናቴ ይሉኛል። ጽዋውን ሊባርኩ ሲነሡ ጎረቤቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ጋዜጣውን እንደ ምስክር ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋዋለች።

"አባታችን፣ ይቅርታ። ከመረካከባችን በፊት ይህን ይዩልን። ከመካከላችን ጣዖት ፊት የሰገደ ሰው አለ።"

ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ሳላየው አሳለፍኩት።

"ጀርባ ብቻ ነው እኮ" አለች አስተናጋጇ።

"ጥለቱን እዪው" አለች ጎረቤቴ።

"በጥለት ከሆነማ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በሙሉ ይከሰሳ!" አለች አንዷ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ወዲያው ሞተ።

የማህበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ እኩያዬ ናት። ስኪፖል አንድ ባልዲ ስንገፋ የኖርን ነን። ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ይዛ አየችውና ጉልበቷ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

"እዚያ ሰፈር ስንት ነጠላ የለበሰ አለ" አለች፣ ወደ እኔ እያየች። "ኤርትራውያኑስ? አንቺ አይደለሽም፤ አይደለሽም አይደል?"

በር እየከፈተችልኝ ነበር። አይደለሁም ብል የሚከራከረኝ አልነበረም፤ ጎረቤቴም ብትሆን ፊት አላየችም። ጽዋው ጠረጴዛው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቆ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

አባታችን ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ማተብዎን ፈቱ እንዴ እናቴ?"

"አልፈታሁም።"

"ሰገዱ?"

"ጎንበስ አልኩ።"

"ለማን?"

"ለአስተማሪያችን። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ከፊቴ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ነኝ የከለልኳቸው።"

"ለፈረንጅ ከወገብ ድረስ?" አለች ጎረቤቴ።

"አሮጊት ናቸው" አልኳት።

ሙሴዋ ጮክ ብላ ሳቀች። "አንቺማ ትራም ላይ ቲኬት ለሚቆጣጠረውም ታጎነብሻለሽ! ስኪፖል አለቃችንን አጎንብሳ ስትሳለመው የሚገባበት ጠፍቶት አልነበር?" ይህን የሚያስታውሱ ነበሩ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አስተናጋጇ ጽዋውን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

አባታችን አልሳቁም።

"እዚያ ሲቀመጡ ምን ይላሉ?"

የፈራሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ስለ ጀርባዬ የሚጠይቀኝን ሁሉ መመለስ እችላለሁ። ስለዚያ ግማሽ ሰዓት ግን ለልጄም አልተናገርኩም።

"መጀመሪያ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እል ነበር፤ መቁጠሪያዬን ኪሴ ውስጥ ይዤ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ምንም አልልም።"

"ምንም?"

"ትንፋሼን ነው የማየው።"

አንዷ አማተበች። ጎረቤቴ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ያመጣችው ነገር ከጠበቀችው በላይ የሆነባት ይመስለኛል።

"ተጠርጎ ባዶ ስለተተወ ቤት የተጻፈውን ያውቃሉ" አሉ አባታችን።

"አውቃለሁ። እኔም ፈርቼው ነበር።"

"አሁን አይፈሩትም?"

"አሁን ባቡር ተሳፍሬ እመጣለሁ" አልኩ። ከዚህ በላይ ማብራራት አልቻልኩም። ሦስት ወር የቀረሁት ለምን እንደነበር የገባት ምናልባት ሙሴዋ ብቻ ናት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

"ማክሰኞ ይሄዳሉ?"

"እሄዳለሁ አባቴ።"

"ይቅርብዎ ብልስ?"

እጄ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። "ባይሉኝ ደስ ይለኛል" አልኩ።

አቀርቅረው መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ከውጭ የባሕር ወፎች ይጮኻሉ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ሳስቶ ነበር።

"እኔ የማላውቀውን አልባርክም፤ የማላውቀውን አላወግዝም። የሚበልጡኝን አባቶች እጠይቃለሁ። እስከዚያ ጽዋው ክርክር ወዳለበት ቤት አይገባም። ተራው ይለፍዎት እናቴ።"

"እሺ" አልኩ።

በተራው መዝገብ ከእኔ ቀጥላ ያለችው ጎረቤቴ ነበረች። ይህን ያሰበችበት አይመስለኝም።

"እኔ?" አለች። "እኔ እኮ ተቀብዬ አላውቅም! ቤቴም ጠባብ ነው፤ ወሩን ሙሉ ሥራ ነኝ..."

"ጋዜጣ ማንበቢያ ጊዜ ካለሽ ለዚህም አይጠፋም" አለቻት ሙሴዋ።

ከመረካከቡ በፊት ሁላችንም ከጽዋው እንቀምሳለን። አስተናጋጇ ይዛ እየዞረች ከአንዷ ወደ አንዷ አለፈች። እኔ ፊት ስትደርስ ቆመች። አባታችንን አየች፤ እሳቸው መስቀላቸውን በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። ሙሴዋን አየች። ተራው ያልፈኛል ነው የተባለው፤ ይህም ያልፈኝ እንደሆነ ማንም አልተናገረም። የጽዋውን ከንፈር አየሁ። ካለፈኝ ካፖርቴን ለብሼ እንደምወጣና ዳግመኛ እንደማልመለስ አውቅ ነበር። ማን ይቀብረኛል የሚለውንም አሰብኩ።

"ምን ያስቆምሻል? ክንድሽ አይደክምም?" አለች ሙሴዋ። "አጠጫት እንጂ!"

ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ፤ አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩ። ጌሾው በርትቶ ነበር። አፌን ጠርጌ አጠገቤ ለነበረችው ጎረቤቴ አቀበልኳት። ተቀብላ ጠጣች፤ አባታችን ባረኩላት፤ ጽዋው በእጇ ቀረ።

ሌሎቹ ሲዘምሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እትዬ፣ የት ነው የሚቀመጠው? ቤቴ ምሥራቁ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም።"

"ከፍ ያለ ቦታ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ" አልኳት። "መጥቼ አሳይሻለሁ።"

"መቼ?"

"ማክሰኞ።"

አየችኝ።

"ከዚያው ሲመለሱ ነው?"

"ከዚያው ስመለስ።"

ጽዋውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

"እሺ" አለችኝ፣ "ከሰባት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።"