የቆቦ ሳጥኖች ለምን ዝም አሉ

ከደሴ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ቆቦ ላይ በእርዳታ የተተከሉት «ብልህ» የቆሻሻ ሳጥኖች ሲሞሉ በራሳቸው ለማዘጋጃ ቤቱ የስልክ መልእክት ይልኩ ነበር። አሁን ድምፃቸው ጠፍቷልና ከመሥሪያ ቤቴ ሄደህ እይ ተባልኩ። ደህና ከሆኑ አጎራባቿ ዋጃ ከተማ ላይም ሊተከሉ ታስቧል።

ወልድያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ቆቦ ሳንደርስ፣ ሮቢት ላይ ሚኒባሱ ጎማ እስኪቀይር ፓፓያ ገዝቼ በላሁ፤ ከደሴው በግማሽ ይረክሳል። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ እያጉረመረመ ቆሞ አሳለፋቸው።

ቆቦ፣ ረፋድ

መናኸሪያው በር ላይ ያለው ሳጥን ሞልቶ ቆሻሻው መሬት ፈሷል። አጠገቡ፣ በአህያ ጋሪ ቆሻሻ የሚያነሱት እትዬ ዘሀራ ቆመዋል። ጋሪው ባዶ ነው።

«ምነው አያነሱትም?» አልኳቸው።

«መልእክት ሳይመጣ ባነሳ ማን ይከፍለኛል ልጄ? እኔ መሙላቱን በዓይኔ አያለሁ፤ ቢሮው የሚያምነው ሳጥኑን ነው። እሱ ዝም ካለ እኔም ሥራ የለኝ። ወላሂ፣ የአህያዋን መኖ እንኳ አጣሁ። ለገበያ ላወጣት ነው።»

ሳጥኑን ፈታሁት። እቃው አልተበላሸም። ባትሪው ደክሟል፣ ሲም ካርዱም ሳይሞላ ከርሞ ቁጥሩ ተዘግቷል። ከኪሴ ልሙላው ብል እንኳ አይቀበልም።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ይህን ስነግራቸው የጽዳት ክፍሉ ኃላፊ አንገታቸውን ደፉ። «መግዣውን ለጋሹ ቻለልን። ለካርዱ፣ ለባትሪው፣ ለጥገናው ግን በጀት አልተያዘም። ስጦታ ቀለብ ይፈልጋል ብሎ ማን አሰበ?»

«በጀት እስኪያዝ እትዬ ዘሀራ ሞላ ሲሉ ይታመኑ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ሂሳብ ክፍል ያለ መልእክት አይከፍልም።»

ንድድ አልኩ! የሰው ዓይን እያለ ለሞተ ባትሪ መታመን?

ለእትዬ ዘሀራ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። «ግመል ሸልመው ውሃ ነፈጉን በለኛ! አብሽር፣ አንተ ምን ታደርግ።» ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን ተሰናበትን።

ደሴ

በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። የወር ቀለቡ ቀድሞ በበጀት ካልተያዘ ዋጃ ላይ አንድም ሳጥን እንዳይተከል በሪፖርቴ ጻፍኩ። ነገሩ እቃ በመግዛት ብቻ እንደማያልቅ፣ ቀለቡ ሲጓደል ደግሞ መጀመሪያ የሚራበው ማን እንደሆነ ያየሁት በዚህ ጉዞ ነው።

የቆቦ ገበያ በዋለበት ቀን፣ ወደ ማታ፣ ስልኬ አንዴ ጮሆ ተቋረጠ። ሚስድ ኮል ነው፤ እትዬ ዘሀራ ናቸው። መልሼ ደወልኩ።

«ሳጥኑ መልእክት ላከ እንዴ?»

«ኧረ የት አባቱ! አህያዋን ሸጥኳት። እኔስ በደህና መግባትህን ልጠይቅህ ብዬ ነው ልጄ።»