ያላየሁት ባሕር ሽታ

ወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አንድ ያረጀ ቡሽ አለ። አትሳቁብኝ፤ ለአፍንጫዬ ባስጠጋሁት ቁጥር ዛሬም ልቤ ቀጥ ይላል።

ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ስንኖር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደረጃውን ስወጣ የየቤቱን ምሳ አሽትቼ ስለማውቅ፣ አባቴ "ይቺ አፍንጫ ፖሊስ ቤት ሥራ አታጣም" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጣልያናዊ ሽማግሌ ግን ታመው ከዳኑ ወዲህ ምንም አይሸታቸውም። ያደጉት አገራቸው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ የወይን እርሻ ነው። አያታቸው ገደሉን በድንጋይ ካብ እርከን አድርገው ወይን ተክለውበታል። የባሕሩ ነፋስ ዘለላው ላይ ጨው ይነሰንሳል፤ እነሱም ሳያጥቡ ይጨምቁታል። ይህን ሲያወሩኝ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። እኔ ከማይን ወንዝ ሌላ ትልቅ ውኃ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ በራችንን አንኳኩ። ወንድማቸው ሞቶ ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የጠመቀችውን ወይን ልካላቸዋለች። የአባቷን ወይን ካልመሰለ እርሻውን ልትሸጠው ነው።

"የልጅህን አፍንጫ አውሰኝ" አሉት አባቴን።

ሙስሊሞች ነን፤ ቤታችን መጠጥ ገብቶ አያውቅም። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ማሽተት ብቻ። ከንፈርሽን እንዳይነካ። እኔም ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ኬለር፣ አብሬሽ እወርዳለሁ።"

"ያ፣ ያ፣ አባዬ" አልኩት፤ በጀርመንኛ እሺ ማለቴ ነበር።

ኬለሩ ይቀዘቅዝ ነበር። ሽማግሌው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀጥሎ ዝናብ ያረጠበው ድንጋይ ሸተተኝ። ከሥሩ ደግሞ ስም ያጣሁለት፣ ጨው ጨው የሚል፣ ሰፊ ነገር ነበር። ከአንድ ብርጭቆ ያን ያህል ስፋት መውጣቱ አስፈራኝ።

"ምን አለበት?"

"ባሕር" አልኩ።

"የወንድሜም ወይን እንዲሁ ነበር" ብለው እዚያው ለወንድማቸው ልጅ ደወሉላት። በጣልያንኛ ሲጮሁ የገባኝ ለቅሷቸው ብቻ ነበር። አባቴ ጀርባቸውን ደባበሰ። እርሻው አልተሸጠም፤ የጠርሙሱም ቡሽ ለእኔ ቀረ።

ያ ቃል ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖረ። ስለማላውቀው ነገር መስክሬ በሰው ዕድል የፈረድኩ መሰለኝ።

በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰሜን ባሕር ሄድኩ። ከባቡሩ ስወርድ፣ ውኃው ገና ሳይታየኝ ሽታው ቀድሞ መጣ። ራሱ ነበር። ቦርሳዬን መሬት ላይ ጥዬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ለአባቴ ደወልኩለት።

"አባዬ፣ ባሕሩ... ያኔ ልክ ነበርኩ።"

"እሳቸው እኮ አንድ ቀን ተጠራጥረውሽ አያውቁም" አለኝ።