ሁለት በር ያለው ቤት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ባገባሁ በዓመቱ ቤታችንን አፍርሰን አዲሱ መንደር እንድንሠራ ታዘዝን። የባለቤቴ ወላጆች ቤት ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ከተራራው ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ነበር፤ ነፋስ አያገኘውም። አዲሱ መንደር ግን ከበላያችን ካለው ገላጣ ተረተር ላይ ተቀየሰ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ባንድ ላይ ከሰፈረ ውሃም ትምህርት ቤትም ይመጣል ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ገመድ ዘርግተው ችካል መቱ። ቤቶቹ ሁሉ ባንድ መስመር እንዲሰለፉ፣ በራቸውም ወደ መንገዱ እንዲሆን ተወሰነ። መንገዱ ያለው በምሥራቅ በኩል ነው፤ ነፋሱም የሚመጣው ከዚያው።

የባለቤቴን አባት አባባ እላቸው ነበር። ዝምተኛ ሰው ናቸው። የድሮውን ቤት እንጨት አንድ ባንድ ፈተው ደረደሩት። የባለቤቴ እናት፣ እማማ፣ ሲፈርስ ላለማየት ጎረቤት ሄደው ዋሉ። ባለቤቴ ምሰሶውን በበሬ አስጎትቶ አወጣው። ለጭቃው የሚሆነውን ውሃ ግን ከምንጩ በእንስራ ተሸክሜ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነበርኩ። ማታ የመረግነውን ጠዋት ውርጭ መትቶት፣ ተሰነጣጥቆ እናገኘዋለን። እንደገና ጭድ ጨምረን እናቦካለን።

በሩን ልናወጣ ስንል አባባ ቦታው ላይ ቆሙ። ነፋሱ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ያውለበልበዋል። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ጠሩት፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቁት የጎረቤት ልጅ ነው።

«ልጄ፣ በዚህ በኩል በር ካወጣን እሳት አይነድልንም። በጓሮ በኩል እናድርገው።»

«እኔ ምን ላድርግ አባባ? መመሪያ ነው። በር ወደ መንገድ ይሁን ተብሏል።»

«ወደ መንገድ በር ይኑር ነው የተባለው?»

«አዎ።»

«እሺ» አሉ፤ በሩንም እንደታዘዙት አወጡ።

የገባን ዕለት ነፋሱ በዚያ በር ገብቶ የምድጃውን አመድ እስከ መደቡ በተነው። ሣር ክዳኑንም ከውስጥ ወደ ላይ ያነሣው ጀመር። ባለቤቴ ጣራ ላይ ወጥቶ በገመድ ሲጠፍር፣ አባባ መጥረቢያቸውን አንሥተው የጓሮውን ግድግዳ ይቆርጡ ጀመር። ምርጊቱ ገና አልደረቀም። ያን ሁሉ ውሃ ያመላለስኩበት ግድግዳ እየተናደ ሲወድቅ እንባዬ መጣ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ይኼን ዳግመኛ አትመርጊውም።»

የፊቱን በር ዘግተው ከውስጥ በጭድና በእበት ደፈኑት። ከውጭ ለሚያየው በር ነው። እኛ በጓሮ እንገባለን፣ በጓሮ እንወጣለን። ያን ዕለት እሳቱ ነደደ፤ እማማም አዲሱን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት።

ጎረቤቶቻችን አንድ ሁለት እያሉ የእኛን እያዩ ግድግዳቸውን ቆረጡ። ሊቀ መንበሩ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ ወለደች። አንድ ጠዋት ደጃችን መጥቶ ቆመ።

«ምነው ልጄ?» አሉት አባባ።

«አራሷ በረዳት። ሕፃኑም ያስለዋል። ለእኔም በጓሮ በኩል ቢያወጡልኝ...»

«መመሪያውስ?»

«የፊቱን በር አልነካውም።»

እማማ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባባ ግን አልሳቁበትም። መጥረቢያቸውን ይዘው ተከተሉት፤ ባለቤቴም አብሯቸው ሄደ፤ እኔ ጭቃ አቦካሁላቸው። አራሷ ሲመሽ እሳት ዳር ተቀምጣ ልጇን ስታጠባ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ሰዉ ጣራውን እያወረደ ወደየድሮ ቦታው ተመለሰ። እኛም እንጨታችንን ይዘን ወረድን። እማማ ሲወርዱ ዕድሜያቸው የቀነሰ ይመስል ነበር። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ተረተሩ ላይ እኛ ሴቶቹ ነፋስ በማይደርስበት ጓሯችን ተሰብስበን ጥጥ እንፈትል ነበር፤ እሳት የጠፋባት ከጎረቤቷ ትጭራለች፤ የታመመች ድምፅዋን ብታሰማ ሰው ይደርስላታል። እታች ቤት ከቤት ይራራቃል። ብዙ ጊዜ ከምንጭ ስመለስ እንስራዬን አውርጄ፣ ባዶ የቀረውን ተረተር ሽቅብ እያየሁ ትንሽ እቆም ነበር።